ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንና ያልተዘጋው የልብ ቧንቧ

(በካምፑ ሬድዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች የታተመ)

በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ ካምፖች የምትኖሩ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንዲሁም በየሰፈሩ የምታዋልዱ ዳያዎች፣ የዛሬው ዝግጅታችን ቀናቸው ሳይደርስ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ስለሚታይ አንድ የልብ ችግርና ስለ መድኃኒቶቹ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሽ ሕፃን ይዘው ሆስፒታል የገቡ ወላጆች «ልጃችሁ ልብ አጠገብ ያለች ቧንቧ አልተዘጋችም» ሊባሉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይመጣል። አንዱ ቤተሰብ የታዘዘውን መድኃኒት ስም ሲሰማ «ይኸማ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ነው፤ ከሰይደሊያ ገዝተን እቤታችን እንሰጠዋለን» ይላል። ሌላው ደግሞ ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አንሰጠውም፤ እየተከታተልን እንጠብቅ» ሲለው «ስደተኛ ስለሆንን ተውን» ብሎ አዝኖ ልጁን ታቅፎ ይወጣል። ሁለቱም መንገዶች ሕፃኑን ሊያሳጡን ይችላሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቧንቧዋ ምንድን ናት?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ከእናቱ ደም ያገኛል። ሳንባው ገና ሥራ ስላልጀመረ ብዙ ደም ወደዚያ መሄድ አያስፈልገውም። በዚህም ምክንያት ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ የደም ሥርና ለመላው ሰውነት ደም በሚያደርሰው ትልቅ የደም ሥር መካከል አንዲት አጭር ማገናኛ ቧንቧ አለች። ደሙ በእርሷ በኩል ሳንባን ትቶ ወደ ቀረው ሰውነት ያልፋል። በሕክምና ቋንቋ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ትባላለች። በሽታ አይደለችም፤ ሁላችንም በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነበረችን።

ሕፃኑ ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው አየር ይሞላል። ከዚያ ወዲህ ማገናኛዋ አታስፈልግም። ቀኑን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ጠብባ ትዘጋለች፤ በኋላም እንደ ጅማት ሆና ትቀራለች።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ ይባላል። ሕፃኑ በጣም በቀደመ ቁጥር ቧንቧዋ ሳትዘጋ የመቆየቷ ዕድል ይጨምራል። ከ28 ሳምንት በፊት ከሚወለዱት መካከል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ክፍት ሆና ትቆያለች። ምክንያቱም የቧንቧዋ ግድግዳ ገና አልጠነከረም፤ በማኅፀን ሳለ ክፍት አድርጎ የሚያቆያት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገርም በደሙ ውስጥ ብዙ ነው። ይህን ስም ያዙት፤ መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

ክፍት መሆኗ ምን ይጎዳል?

መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከዋናው ቦይ ላይ መደፈን የነበረበት ቀዳዳ ሳይደፈን ቢቀር ውኃው በዚያ በኩል ይነጉዳል። ያኛው ማሳ ይጥለቀለቃል፤ ታች ያለው ማሳ ደግሞ ይደርቃል። በሕፃኑም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ወደ ሰውነት መሄድ የነበረበት ደም በቧንቧዋ በኩል ተመልሶ ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ አንጀትና ኩላሊት ደግሞ ደም ያንሳቸዋል። ልብም ጭነቱ በዝቶበት ይደክማል።

ቧንቧዋ ጠባብ ከሆነች ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ሰፊ ከሆነች ግን ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ ልቡ በደረቱ ላይ ሲመታ በዓይን ይታያል፤ ሲጠባ ይደክመዋል፣ ያልበዋል፤ ክብደቱ አይጨምርም። አንዳንዴም ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። እነዚህ ምልክቶች በሳንባ ምችና በሌላ ኢንፌክሽንም ይመጣሉ። ስለዚህ በዓይን አይቶ «ቧንቧው ነው» ማለት አይቻልም። የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ነው።

ሦስቱ መድኃኒቶች

ቧንቧዋን ለመዝጋት የሚሰጡት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ፕሮስታግላንዲንን ይቀንሳሉ። የሚለያዩት በጉዳታቸውና በአሰጣጣቸው ነው።

1ኛ. ኢንዶሜታሲን። ከሦስቱ ቀዳሚው ነው። ለዚህ ችግር እንደሚረዳ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ቧንቧዋን በደንብ ይዘጋል፤ ነገር ግን የኩላሊትንና የአንጀትን ደም ሥሮችም አብሮ ያጠብባል። በዚህ የተነሳ የሕፃኑ ሽንት ሊቀንስ፣ አንጀቱም ሊጎዳ ይችላል። ሕመሙ ሳይታይ ገና በተወለዱበት ቀን ቢሰጥስ ተብሎ 1,202 በጣም ትንንሽ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቧንቧዋ ክፍት የቀረችባቸው ሕፃናት ቀንሰዋል፤ በአንጎል ውስጥ የሚፈጠር ከባድ የደም መፍሰስም ቀንሷል። ሆኖም ሕፃናቱ 18 ወር ሲሆናቸው በሕይወት በመትረፍና በአእምሮ ዕድገት ረገድ መድኃኒቱን ከወሰዱትና ካልወሰዱት መካከል ልዩነት አልተገኘም።

2ኛ. አይቡፕሮፌን። ብዙዎቻችን ብሩፌን የምንለው ነው። ለሕፃናቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ለ3 ቀን ይሰጣል። ቧንቧዋን በመዝጋት ከኢንዶሜታሲን አያንስም፤ በአንጀትና በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያነሰ ነው። በአፍ ሲሰጥም በደም ሥር ከሚሰጠው አያንስም፤ ይህም መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ደም እየፈሰሰው ላለ፣ ሽንቱ ለቀነሰ፣ አንጀቱ ለታመመ ሕፃን አይሰጥም። ከባድ የቢጫነት ሕመም ያለበትም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

3ኛ. ፓራሲታሞል። ለትኩሳት የምናውቀው ፓናዶል ነው። ለዚህ ችግር የታሰበው በቅርቡ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ያሉ ሐኪሞች በ5 ሕፃናት ላይ ሠርቶ እንዳገኙት ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ተጠና። ቧንቧዋን በመዝጋት ከአይቡፕሮፌን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ኩላሊትን የመጉዳትና ደም የማፍሰስ ጠባዩ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ አይቡፕሮፌን ለማይስማማው ሕፃን አማራጭ ሆኗል። የሚሰጠው በየ6 ሰዓቱ ከ3 እስከ 7 ቀን ሲሆን፣ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል?

በመዝጋት ረገድ ሦስቱ ይቀራረባሉ። እንደ ሕፃኑ ዕድሜ ቢለያይም፣ በአንድ ዙር ሕክምና ከ10 ሕፃናት በ6 ወይም በ7ቱ ገደማ ቧንቧዋ ትዘጋለች። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ 68 ጥናቶችንና 4,802 ሕፃናትን በአንድነት መዝኖ ነበር። ቧንቧዋን በመዝጋት በአፍ የሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን አይቡፕሮፌን ቀደመ። ነገር ግን መድኃኒት ከተሰጣቸውና ካልተሰጣቸው ሕፃናት መካከል በሞት፣ በአንጀት ሕመምና በአንጎል ደም መፍሰስ ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቧንቧዋን መዝጋትና ሕፃኑን ማዳን አንድ ነገር አይደሉም። ብዙዎቹ ቧንቧዎች ጊዜ ሲያገኙ በራሳቸው ይዘጋሉ። በሌላ በኩል መድኃኒቱ የራሱ ጉዳት አለው። ስለዚህ ሐኪሙ «የትኛውን ልስጥ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ሕፃን መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

መጠበቅ መተው አይደለም

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ጥናቶች ተደርገዋል። የመጀመሪያው በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ በኔዘርላንድ፣ በቤልጂግና በዴንማርክ ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱና ሰፊ ቧንቧ ያለባቸው 273 ሕፃናት ተካተውበታል። ግማሾቹ አይቡፕሮፌን ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ያለ መድኃኒት ተጠበቁ። የተጠበቁት ሕፃናት ውጤት ከታከሙት አላነሰም። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በ653 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2024 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያም አይቡፕሮፌን ቶሎ ከተሰጣቸው 100 ሕፃናት 69ኙ፣ ካልተሰጣቸው 100 ደግሞ 64ቱ ገደማ ሞት ወይም ጠና ያለ የሳንባ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ቶሎ መስጠቱ ጥቅም አላሳየም ማለት ነው።

እንግዲህ ባለ ብዙ መሣሪያ በሆኑት በእነዚያ አገሮችም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መጠበቅን እየመረጡ ነው። ሐኪም «እንጠብቅ» ሲላችሁ ስደተኛ ስለሆናችሁ ወይም መድኃኒት ስለጠፋ ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ነገር ግን መጠበቅ ማለት ወደ ቤት ወስዶ ዝም ማለት አይደለም። ሕፃኑ ይሞቃል፣ ትንፋሹና የልቡ ምት ይቆጠራል፣ የሚወስደው ወተትና ፈሳሽ ይለካል፣ በየቀኑ ይመዘናል፣ አልትራሳውንድ ካለም ቧንቧዋ እንደገና ትታያለች። ሕፃኑ እየደከመ ከሄደ ሐኪሙ ሐሳቡን ቀይሮ መድኃኒት ይጀምራል። ለዚህ ነው «ምንም አላደረጉለትም» ብሎ ከሆስፒታል ይዞ መውጣት አደጋ የሚሆነው።

መድኃኒት ካልዘጋትስ?

ቧንቧዋ ሰፊ ሆና ከቀጠለችና ሕፃኑን ከጎዳችው በቀዶ ሕክምና ትታሰራለች። የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ሕክምና በ1938 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን በዶክተር ሮበርት ግሮስ ተደርጓል። ዛሬ ደግሞ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ትንሽ መድፈኛ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ግን በሁሉም ቦታ አይገኝም። በአገራችን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ልጆችን ሲያክም ቆይቷል።

አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ቀኑን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ቧንቧዋ ክፍት ከቀረች እነዚህ ሦስት መድኃኒቶች አይዘጓትም፤ ቱቦ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ የዳነበት መድኃኒት ለእናንተ ልጅ ላይሆን ይችላል።

ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጡ

በሰይደሊያ የሚሸጠው የብሩፌን ወይም የፓናዶል ሽሮፕ የተዘጋጀው ለትልልቅ ልጆች ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ላይ በጥቂት ጠብታ መሳሳት ኩላሊቱን፣ አንጀቱን ወይም ጉበቱን ሊያበላሽ ይችላል። ሆስፒታል መጠኑን የሚያሰላው በየቀኑ በሚለካ ክብደት ነው፤ ሽንቱንና ደሙንም ይመረምራል። በማንኪያና በግምት የሚሆን ሥራ አይደለም። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲያተኩሰውም ፓናዶል ሰጥቶ ማደር አይገባም። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ራሱ የአደጋ ምልክት ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ አምጡት።

እርጉዝ እናቶችም ስሙ። ብሩፌን፣ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ወደ ሕፃኑ ያልፋሉ። ከተወለደ በኋላ እንድትዘጋ የምንፈልጋትን ቧንቧ በማኅፀን ሳለ፣ ገና በምታስፈልገው ጊዜ ሊያጠብቡበት ይችላሉ። ኩላሊቱንም ጎድተው የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ስለዚህ እርግዝናው 5 ወር (20 ሳምንት) ካለፈ በኋላ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር እነዚህን አትዋጡ። ለወገብና ለራስ ሕመም «ክኒን አለኝ» የምትል ጎረቤት ደግ ብትሆንም ክኒኑ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትቀበሉ። ሕመም ሲበረታ ወደ ክሊኒክ ኑ።

በእጃችን ያለው ሕክምና

ቀናቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው ምንድን ነው? ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ባሉ 5 ሆስፒታሎች ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለጨቅላ ሕፃናት ወደ ተዘጋጀው ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከአራት ሟቾች ሦስቱን የገደለው የሳንባ አለመብሰልና ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ ስለ ቧንቧዋ ስንጨነቅ ሙቀትን፣ ወተትንና ንጽሕናን መዘንጋት የለብንም። እነዚህን ደግሞ ራሳችን መስጠት እንችላለን።

ሀ. ገላ ለገላ ማቀፍ። ሕፃኑን ከሽንት ጨርቅና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል አስቀምጦ በነጠላ ማሰር ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2 ኪሎ በታች በሆኑ 123 ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 100 ሕፃናት 38ቱ ሲሞቱ፣ ከታቀፉት 100 ግን የሞቱት 22 ገደማ ነበሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. በአፍሪካና በሕንድ በ5 ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ጥናትም እንደ ተወለዱ ወዲያው ማቀፍ ሞትን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። አባትም፣ አያትም፣ አክስትም ማቀፍ ይችላሉ። ሕፃኑ ኦክስጅን ላይ ወይም በክትትል ላይ ከሆነ ባለሙያው እንዴት እንደምታቅፉት ያሳያችኋል።

ለ. የእናት ጡት ወተት። መጥባት ካልቻለ እናት በንጹሕ እጅ በንጹሕ ኩባያ ታልበዋለች። የሚሰጠው በቱቦ ወይም በኩባያ ነው። የእናት ወተት የሕፃኑን አንጀት ይጠብቃል። ቅቤ፣ ስኳር ውኃ፣ አብሽ ወይም የፍየል ወተት አይሰጠው።

ሐ. ንጽሕና። ሕፃኑን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ጠያቂ ማብዛትን መተው፤ ጭስ ባለበት አለማስተኛት።

መ. ቀድሞ መድረስ። ምጥ ቀኑ ሳይደርስ ከጀመረ ወይም የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ለእናትየዋ የሚሰጥ የሳንባ ማብሰያ መርፌ አለ። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ከደረሰ ትንፋሹን ያግዛል፤ ቧንቧዋ ክፍት የመቅረቷንም ዕድል ይቀንሳል። በኸሪፍ ወራት የገዳሪፍ ዋልካ መኪና አላስኬድ እንደሚል ታውቃላችሁ። ከዚህ በፊት ቀኑ ሳይደርስ የወለደች እናት ዝናቡ ሳይጠነክር ማን እንደሚያደርሳት፣ የት እንደምታርፍ ከቤተሰቧና ከጤና ሠራተኛ ጋር ትመካከር።

አድማጮች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚባለው እውነት ነው? አይደለም። በማኅፀን የሚቆይባት እያንዳንዷ ሳምንት ሕፃኑን ታጠነክረዋለች። የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። «አያድግም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ቧንቧዋ ገና ክፍት ናት ብንባልስ? ብዙዎቹ ቤት ከገቡ በኋላም በወራት ውስጥ ይዘጋሉ። የቀጠሮውን ወረቀት አትጣሉ፤ በየሳምንቱ አስመዝኑት። ክብደት እየጨመረ በደንብ ከጠባ መልካም ምልክት ነው።

ሐኪሙን ምን ብለን እንጠይቅ? ቋንቋ ካስቸገራችሁ ዐረብኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ እነዚህን አራት ጠይቁ፦ ቧንቧዋ ሰፊ ናት ወይስ ጠባብ? አሁን ልጄን እየጎዳችው ነው? መድኃኒት ከተሰጠው ሽንቱንና ደሙን ማን ይከታተላል? መጠበቅ ከሆነ ምን ምልክት ሳይ ልጥራችሁ? መጠየቅ ነውር አይደለም።

እነዚህን ስታዩ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፦ ሕፃኑ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ሽንቱ ከቀረ። በደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ፣ በነጠላ ሸፍናችሁ ወደ ክሊኒክ አምጡት። በመንገድም አታውርዱት፤ ገላችሁ ያሞቀዋል።

እኔ በካምፑ የማገለግል የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነኝ። ነርስ እንጂ የልብ ሐኪም አይደለሁም፤ ለልጃችሁ መድኃኒት የሚመርጠው መርምሮ ያየው ሐኪም ነው። እናንተ ደግሞ እስከዚያ እቀፉት፣ አጥቡት፣ የሱቅ መድኃኒት አታቅምሱት፣ «እንጠብቅ» ሲባልም አብራችሁ ጠብቁ። ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ፣ በተለይም ለእርጉዝ እናቶች አንብቡላቸው። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ጤና ይስጥልን፤ ልጆቻችንን ያሳድግልን።